ከሚጓዝ ጀልባ ኋላ መንጠቆ እየጎተቱ ለማጥመድ ስለሚሆን የዘንግ ርዝመትና አቀማመጥ

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መንጠቆውና በመንጠቆው ላይ ስለሚሰካው ነገር ነው፤ ስለ ዘንጉ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዘንግ ሁሉ እንጨት ነው፣ እንጨትም ሁሉ አንድ ነው እየተባለ ረጅሙም አጭሩም በአንድ እስር ታስሮ ከጀልባ ላይ ይጫናል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን ያደሩት ሐዋርያት የታዘዙት ሌላ መረብ እንዲፈልጉ ሳይሆን፣ በእጃቸው ያለውን መረብ ከታንኳው በስተቀኝ እንዲጥሉት እንደ ነበረ በወንጌል የተማርን ሁሉ እናስታውሳለን። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለ ተአምር ለመናገር አንደፍርም፤ መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መሣሪያው የሚውልበት ስፍራም ታላቅ ነገር መሆኑን ለማሳሰብ ያህል ግን ምሳሌው ይበቃናል።

በየሐይቁ ዳር ያላችሁ ሹማምንትና የግብርና ሠራተኞች ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር መሣሪያ በምታስገዙበት ወይም የተገዛውን በምትመረምሩበት ጊዜ እንዲጠቅማችሁ ይኸን ጽፈናል። ነገሩ በሚጓዝ ጀልባ ኋላ ክርና መንጠቆ እየጎተቱ ስለ ማጥመድ ነው፤ ለንግግር እንዲቀል ከዚህ በታች «የጉተታ ማጥመድ» እንለዋለን። በዚህ አሠራር አጥማጁ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ዓሣውን አይጠብቅም። ጀልባው በዝግታ ይሄዳል፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዘንጎች ክራቸውን ወደ ኋላ ይለቃሉ፤ በክሩም ጫፍ ትንሽ ዓሣ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም የተጠረበ እንጨት ከመንጠቆ ጋር ታስሮ ይጎተታል። አዳኙ ዓሣ የሚሸሽ ትንሽ ዓሣ ያየ መስሎት ሲነጥቀው በመንጠቆው ይያዛል።

የአንድ ወረቀት ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣና ዳር ላለ አንድ የወጣት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር መሣሪያ እንዲገዛ በተፈቀደ ጊዜ የግዥ መጠየቂያውን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። በወረቀቱም ላይ «የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፤ ብዛት 24፤ ርዝመት 3 ሜትር ተኩል» ብዬ አሰፈርሁ። ሁሉንም በአንድ ልክ ያደረግሁት ለጨረታ እንዲመችና ዋጋው በአንድ መስመር እንዲወዳደር ብዬ ነበር፤ ወረቀቱም አምሮ ስለ ታየኝ ፈርሜ አሳለፍሁት። ዕቃውም በመጠየቂያው መሠረት አንዳች ሳይጎድልበት ገባ፤ የንብረት ቁጥርም ተጻፈበት።

በኋላ ሥራውን እንድመለከት ተላክሁና ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል በሆነ ባለ ሞተር ጀልባ ከሦስት አጥማጆች ጋር ወጣሁ። አራት ዘንግ ተተከለ፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን፣ ሁለቱ በኋለኛው ጫፍ። የአራቱም ክር በእኩል ርዝመት ተለቀቀ። ቀጥ ብለን እስከሄድን ድረስ መልካም ነበር፤ ጀልባው በዞረ ጊዜ ግን አራቱ ክር እንደ ተበላሸ ፈትል እርስ በርሱ ተጠማዘዘ። ያን ስንፈታ ማለዳው አለፈ። እንደ ገና ለቀን ስንሄድ በኋለኛው ዘንግ ዓሣ ተያዘ፤ ዘንጉ ከመርዘሙ የተነሣ ግን ዓሣው ከእጅ መረባችን ራቀ። አንዱ አጥማጅ ዘንጉን ይዞ ወደ ጎን ሲያፈገፍግ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ መረቡን ሲዘረጋ፣ እኔም ሳላስብ ወደዚያው ወገን ስጠጋ ጀልባው አዘነበለና ውኃ ገባበት። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልጠፋም፤ ዓሣው ግን ሄደ።

ወደ ዳር ከተመለስን በኋላ ከአጥማጆቹ ሽማግሌ የሆኑት መጋዝ አንሥተው፣ «ጌታው፣ እነዚህን ሁለቱን ልቁረጣቸው?» አሉኝ። እኔም፣ «አባባ፣ በመንግሥት ንብረት መዝገብ የገባ ዕቃ እንዴት ይቆረጣል?» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እርፍና ሞፈር አንድ ልክ ቢሆኑ ማን ያርሳል?» ብለው መለሱልኝ። ለዚህ ቃል መልስ አላገኘሁለትም። በኃላፊነቴ ፈረምሁና ሁለቱ ዘንጎች ከቀጭኑ ወገን ተቆርጠው 2 ሜትር ሆኑ፤ በጫፋቸውም ክር የሚያልፍበት ቀለበት እንደ ገና ታሰረ። በማግሥቱ ስንወጣ ክር አልተጠላለፈም፣ ጀልባውም አላዘነበለም። ቁራጮቹን በመዝገብ በምን ስም እንደማሰፍራቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ እቸገራለሁ።

የእኔ ስሕተት የሌላው ትምህርት ይሁን። እርፍ ከገበሬው እጅ፣ ሞፈር ከቀንበሩ ይገናኛል፤ አንዱም በሌላው ስፍራ ቢገባ ማረሻው አይሄድም። የማጥመጃ ዘንግም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ የሚወሰነው በሚቀመጥበት ስፍራ ነው እንጂ በገበያ በተገኘው ወይም በወረቀት ላይ በሚያምረው አይደለም።

ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው ጠባይ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል፣ እጅግ በጠለቀበትም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ማወቅ ለነገራችን ታላቅ ጥቅም አለው። በጥልቅ ውኃ የሚያጠምዱ ሰዎች አንዱን ክር በ10፣ ሁለተኛውን በ20፣ ሦስተኛውን በ30 ሜትር ጥልቀት አድርገው ክሮቹን አንዱን ከአንዱ በላይ ያለያዩአቸዋል። በጣና ግን ሁሉም መንጠቆ የሚሄደው ከ2 እስከ 4 ሜትር ባለው ጥልቀት ስለ ሆነ ክሮቹን በጥልቀት ለማለያየት ስፍራ የለም፤ ያለው ብልሃት ወደ ጎን ማራራቅ ነው። ወደ ጎን የሚያራርቀው ደግሞ የዘንጉ ርዝመት ነው።

በሐይቁ ውስጥ በአጥማጆች ዘንድ የታወቁት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶ በብዛት የሚመገበው በውኃ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች ስለ ሆነ የሚሸሽ ዓሣ አምሳል አያሳድድም። አምባዛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ከጭቃው አጠገብ ይኖራል። ለጉተታ የሚስማማው ነጭ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በሕዝብ ዘንድ በአንድ ስም ቢጠራም ሊቃውንት መርምረው በጣና 15 ያህል ልዩ ልዩ ወገኖች እንዳሉት ለይተዋል፤ ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። ከታች በዓባይ ያሉት ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚከለክላቸው በሌላ ስፍራ የሚያድኑት ትልልቅ ዓሦች ወደ ጣና አልገቡም፤ የአዳኝነትንም ስፍራ ነጭ ዓሣ ያዘው።

ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚያደቀው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ስለዚህ ክር እንዳይቆረጥ ተብሎ ከመንጠቆው በላይ የሽቦ ማሰሪያ መጨመር አያስፈልግም፤ 10 ኪሎ ግራም ያህል የሚሸከም የናይለን ክር ይበቃዋል። ሽቦ የሚያቀርብ ነጋዴ ቢመጣ ይህን አስታውሱ።

ስለ ዘንጉ ርዝመት

ረጅም ዘንግ ሁለት ጥቅም አለው። መጀመሪያ ክሩን ከጀልባው ያርቃል፤ የሞተሩን ድምፅና የጀልባውን ጥላ የሚፈራው ዓሣ ወደ ጎን ሲሸሽ የሚያገኘው በረጅሙ ዘንግ የተጎተተውን መንጠቆ ነው። ሁለተኛም ዓሣው በድንገት ሲነጥቅ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ኀይሉን ይቀበላል፤ በዚህም ምክንያት ክሩ አይበጠስም፣ መንጠቆውም የዓሣውን አፍ ቀድዶ አይወጣም።

ነገር ግን ረጅም ዘንግ ለያዘው ሰው ከባድ ነው። አጥማጁ የዘንጉን ሥር በሆዱ ላይ አስደግፎ፣ ከሥሩ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በአንድ እጁ ይይዘዋል እንበል፤ ዓሣውም በ2 ኪሎ ግራም ኀይል ይጎትት። ዘንጉ 2 ሜትር ቢሆን በእጁ ላይ የሚሰማው ሸክም 8 ኪሎ ግራም ነው፤ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን ግን 14 ኪሎ ግራም ይሆናል። ዓሣው ያው ነው፤ የበዛው የዘንጉ ርዝመት ነው። ከዚህም በላይ ረጅሙን ዘንግ የያዘ ሰው ዓሣውን ወደ ጀልባው ለማቅረብ ወደ ኋላው መራመድ ይኖርበታል፤ በጠባብ ጀልባ ደግሞ የሚራመድበት ስፍራ የለም።

ስለዚህ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ለሆነ ጀልባ ለጎን ከ3 እስከ 3 ሜትር ተኩል፣ ለኋለኛው ጫፍ ከ1 ሜትር ከ80 እስከ 2 ሜትር የሆነ ዘንግ ይስማማል። የጎኑ ዘንግ ቀጭንና ለመጉበጥ የሚታዘዝ፣ የኋላው ወፍራምና ጠንካራ መሆን ይገባዋል።

ስለ ዘንጎቹ አቀማመጥ

የጎን ዘንጎች ከጀልባው መካከል ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ እንደ ወፍ ክንፍ ተዘርግተው ይቆማሉ። ወደ ላይ ያላቸው አቀና 30 ዲግሪ ያህል ይሁን። ከዚህ በታች ዝቅ ቢል ማዕበሉ ጫፉን ይነካዋል፤ ከዚህ በላይ ከፍ ቢል ወደ ጎን መድረሱ ያጥራል። የኋላ ዘንጎች ግን ወደ ጎን ሳይከፈቱ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይመለከታሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የጀልባው ወርድ ያህል፣ ማለት 1 ሜትር ተኩል ይሆናል።

አሁን ልኩን እንቁጠር። የጎኑ ዘንግ 3 ሜትር ተኩል ሆኖ ግማሽ ሜትሩ በማቆሚያው ውስጥ ቢገባ፣ የቀረው 3 ሜትር በተባለው አቀና ከጀልባው ጎን 2 ሜትር ከ60 ያህል ወደ ውጭ ይደርሳል። ከግራው ጫፍ እስከ ቀኙ ጫፍ ቢለካ 6 ሜትር ከ70 ይሆናል፤ በውጭኛውና በውስጠኛው ክር መካከልም 2 ሜትር ከ60 ስፍራ ይገኛል። የጎኖቹ ዘንጎች 2 ሜትር ብቻ ቢሆኑ ግን ይህ ስፍራ ወደ 1 ሜትር ከ30 ይወርዳል። በእኛ ጀልባ የሆነውም ይኸው ነበር፤ የጎኖቹ ዘንጎች በቂ ቢሆኑም የኋላዎቹ ከመጠን በላይ ረዝመው ወደ ጎን ስለ ተከፈቱ ጫፎቻቸው ወደ ጎን ዘንጎቹ ጫፍ ቀረቡ፣ ስፍራውም በግማሽ ጠበበ።

የክሩም ርዝመት እንደ ዘንጉ ሁሉ ይለያይ። የውስጥ ክሮች አጭር፣ ማለት 15 ሜትር ያህል ይለቀቁ፤ 50 ግራም ያህል እርሳስ ታስሮባቸው ዝቅ ብለው ይሂዱ። የውጭ ክሮች ረጅም፣ ማለት 30 ሜትር ያህል ይለቀቁ፤ ያለ እርሳስ ወይም በጥቂት እርሳስ ከፍ ብለው ይሂዱ። ይህ የሆነ እንደ ሆነ በውጭኛው ክር የተያዘው ዓሣ ወደ ጀልባው ሲሳብ ከውስጠኛው ክር በላይ ያልፋል፤ አይጠላለፍም።

ማቆሚያው የዘንጉን ሥር አጥብቆ የሚይዝ፣ ከጀልባው እንጨት ጋር በብሎን የታሰረ ይሁን። በምስማር ብቻ የተመታ ማቆሚያ በመጀመሪያው ትልቅ ዓሣ ይነቀላል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ዘንግ በአጭር ገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰር፤ ዘንግ ውኃ ውስጥ ከወደቀ በኋላ መጸጸት አይጠቅምም።

ክር የሚጠቀልል መዘውር ያልተገኘለት አጥማጅም ሥራውን አይተው። ክሩን ከጀልባው ጋር ያስረዋል፤ የክሩንም ወገብ በጎን ዘንጉ ጫፍ ላይ በቀጭን የጥጥ ፈትል ያንጠለጥለዋል። ዓሣው ሲነጥቅ ፈትሉ ይበጠሳል፤ ክሩ ከዘንጉ ይለቀቃል፤ አጥማጁም በእጁ ስቦ ያወጣዋል። በዚህ አሠራር ዘንጉ ክሩን ወደ ጎን ለማራቅ ብቻ ያገለግላል፤ በላይ የተናገርነው የ14 ኪሎ ግራም ሸክምም በማንም ላይ አይወድቅም።

ስለ ፍጥነትና ስለ መዞር

ጀልባው የሚሄደው ሰው በዝግታ በሚራመድበት ልክ ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በጀልባው ፊት ገለባ ጥሎ እስከ ኋለኛው ጫፍ ድረስ ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅ መቁጠር ይበቃል። ርዝመቱ 6 ሜትር በሆነ ጀልባ ገለባው በ6 ሰኮንድ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰዓት 3 ነጥብ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ4 ሰኮንድ ቢያልፍ 5 ነጥብ 4 ኪሎ ሜትር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል መጓዝ ይሻላል።

በሚዞሩበት ጊዜ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጀልባው 10 ሜትር ከሚርቅ ነጥብ ዙሪያ ቢዞር፣ በላይ በቆጠርነው ስፋት የውጭው ዘንግ ጫፍ ከውስጠኛው ወገን ጫፍ በእጥፍ ይፈጥናል፤ የፈጠነው ክር ከፍ ይላል፣ የዘገየው ክር ይሰጥማል፣ መጠላለፍም ይመጣል። 20 ሜትር ከሚርቅ ነጥብ ዙሪያ ቢዞር ግን ብልጫው ከግማሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ አዟዟሩ ሰፊና ቀስ ያለ ይሁን።

ከዚሁም አዟዟር ትምህርት ይገኛል። ጀልባው ሲዞር በዘገየው ክር ዓሣ ቢያዝ ፍጥነቱ በዝቶ ነበርና ይቀነስ፤ በፈጠነው ክር ቢያዝ አንሶ ነበርና ይጨመር። ልምድ ያለው አጥማጅ ቀጥ ባለው መንገድ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ሆን ብሎ ወዲያና ወዲህ የሚያጥፈው ስለዚህ ነው።

ዓሣ በተያዘ ጊዜ ሞተሩን በድንገት ማጥፋት አይገባም፤ ጀልባው ቢቆም የቀሩት ክሮች ሁሉ ወደ ታች ይሰጥማሉና። ቀስ እያለ እየሄደ፣ ዓሣው በተያዘበት ወገን ያለው የቅርቡ ክር አስቀድሞ ይጠቅለል። አንድ ሰው ዘንጉን፣ አንድ ሰው የእጅ መረቡን ይያዝ፤ ሦስተኛው በተቃራኒው ወገን ተቀምጦ ሚዛን ይጠብቅ። እንደ እኔ ለማየት ብቻ የመጣ እንግዳ ካለ ከመቀመጫው አይነሣ።

ስለ ታንኳ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ስለ እንጨትና ስለ ፋይበር ጀልባ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ጠባብና ቀላል ስለ ሆነ የጎን ዘንግ አይሸከምም። ወደ ጎን በተዘረጋው ረጅም ዘንግ ላይ ትልቅ ዓሣ ቢጎትት ታንኳው ወደዚያው ወገን ይጋደላል፤ ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅለት የለውም። ስለዚህ በታንኳ አንድ ዘንግ ብቻ፣ እርሱም ከ1 ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ ከቀዛፊው ኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚመለከት ይሁን። ደንገሉ ብሎን ስለማይዝ ዘንጉ በገመድ ይታሰራል። የታንኳ ቀዘፋ በራሱ ለጉተታ የሚስማማ ዝግታ ስላለው አንድ ዘንግ ብቻ የያዘው ታንከኛ ባዶ እጁን አይመለስም።

ዘንጉ ከምን ይሠራል

ዘንግ ከውጭ አገር ማስመጣት ሁልጊዜ አያስፈልግም። በአገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ አለ። በእንጅባራና በመሰለው ደጋ የሚበቅለው ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀላልና ረጅም ስለ ሆነ ለጎን ዘንግ ይመረጣል። በመተከልና በመሰለው ቆላ የሚበቅለው ውስጡ ድፍን ነው፤ ጠንካራ ስለ ሆነ ለአጭሩ የኋላ ዘንግ ይመረጣል። ተፈጥሮ ራሷ እርፉንና ሞፈሩን ለይታ አስቀምጣልናለች።

ቀርከሃው ሦስት ዓመት የሞላው፣ በበጋ የተቆረጠ ይሁን፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ በክረምት የተቆረጠውም ለነቀዝ ይመቻል። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በጥላ ሥር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ይድረቅ። ክር የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ከአንጓው አጠገብ ይታሰሩ፤ ዘንጉ የሚበረታው በአንጓው ነውና።

ስለ ጊዜ፣ ስለ ስፍራና ስለ ሕግ

በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ስለዚህ የጎን ዘንግ ዘርግቶ ለመጓዝ የሚመቸው ከንጋት እስከ ረፋድ ያለው ጊዜ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ሌሎች አጥማጆች በሌሊት የጣሉትን መረብ ገና እያነሡ ይሆናል። 30 ሜትር ክር ወደ ኋላ የለቀቀ ጀልባ በመረብ አጠገብ ቢያልፍ መንጠቆው መረቡን ይቀድዳል፤ ከዚያም ጠብ ይነሣል፣ ጠቡም ወደ እናንተ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ተንሳፋፊ ምልክት ከታየበት ስፍራ ቢያንስ 50 ሜትር መራቅ አስቀድሞ ቢወሰን ክሱ ይቀራል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ላይ የታወቀው እንቦጭም ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነፋስ የሚነዳው አረም በክሩ ላይ ይጠመጠማል፤ አረም የያዘውን መንጠቆ ደግሞ ዓሣ አይነካውም። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ ክሩን ስቦ ማየት ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ዘንግ ዘርግቶ ወደዚያ መጠጋት አይገባም፤ ክር የዘረጋ ጀልባ በፍጥነት ለመሸሽ አይችልምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የመራቢያው ወራት ነው። ከነጭ ዓሣ ወገኖች ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ገልዳና ወደ ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ተሰብስበው ሳሉ በመረብ የሚያዙት የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆኑ የሚመጡት ዓመታት ዓሣ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገው ምርመራ የሐይቁ ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይህን ሀብት በሥርዓት ለመጠበቅ መሠረት የጣለ ነው።

የጉተታ ማጥመድ የመረብን ስፍራ ሙሉ በሙሉ ይተካል ብለን አንናገርም፤ የሚያስገኘው ዓሣ ከመረብ ያንሳል። ነገር ግን አንድ ታላቅ ብልጫ አለው። በመረብ የተያዘ ዓሣ ሲነሣ አብዛኛው ሞቶ ይገኛል፤ በጉተታ የተያዘው ግን አንድ በአንድ፣ በሕይወት ሳለ በሰው እጅ ይገባል። ሆዷ በእንቁላል የተሞላውን ወይም ገና ያላደገውን አይቶ ወደ ውኃው ለመመለስ አጥማጁ ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን እንዲጠቅም በክረምት ወራት የጉተታ ጀልባ ከወንዞች አፍ እንዲርቅ አስተምሩ።

በሌሎች ሐይቆች ላላችሁ

በጣና የተጻፈውን ልክ ቀድቶ በጫሞ ማዋል ሌላ ስሕተት ይሆናል። በጫሞ ያለው ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊደርስ የሚችል ዓሣ ነው። በላይ ያሳየነው የሸክም ቁጥር ለ2 ኪሎ ግራም ጉተታ ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ዓሣ ረጅም ዘንግ በእጅ መያዝ የማይቻል መሆኑን አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። በዚያ የሚያስፈልገው አጭርና ወፍራም ዘንግ፣ ጠንካራ መዘውርና ጥቂት ክር ነው፤ አራት ሳይሆን ሁለት ዘንግ ይበቃል። አዞ ያለበት ውኃ ስለ ሆነም የጀልባውን ሚዛን መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል።

በግዥ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚገባው

ከእንግዲህ ወዲህ የዘንግ ግዥ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ወደ ውኃው ዳር ወርዶ የጀልባውን ወርድ ይለካ። ከዚያም በወረቀቱ ላይ፣ አንደኛ፣ የጎን ዘንግ ብዛቱንና ርዝመቱን፤ ሁለተኛ፣ የኋላ ዘንግ ብዛቱንና ርዝመቱን ለየብቻ፤ ሦስተኛ፣ የማቆሚያውን ብዛትና በብሎን የሚታሰር መሆኑን፤ አራተኛ፣ ዘንጉ የሚውልበትን ሐይቅና የሚያዘውን ዓሣ ስም ይጻፍ። አምስተኛም ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ለአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ያንብብለት። ይህ አምስተኛው በማንኛውም የግዥ መመሪያ ላይ ባይገኝም ዋጋ የማይከፈልበት፣ ከሁሉም የሚጠቅም ነው።

የማኅበሩን 24 ዘንግ አንድ ልክ ያደረገው ክፋት ወይም ስንፍና አልነበረም፤ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ስለ ውኃ መወሰን ነበር። ከዘንጎቹ ግማሹ ዛሬ በ2 ሜትር ልክ ተቆርጦ በየጀልባው ኋላ ይሠራል። ሹማምንት ሆይ፣ በእናንተ ወረዳ መጋዝ ሳያስፈልግ ሥራው በመጀመሪያው ወረቀት እንዲቃና እንመኛለን።